የፌርትሬድ ሰርተፊኬት አወጣጥ፦ ለቡና ገበሬዎች ማህበራትና ዩኒየኖች ዝርዝር መመሪያ

ፌርትሬድ ማለት መስፈርቱን ያሟሉ አምራቾች ምርታቸውን ከተወሰነ ዋጋ ባላነሰ፣ ከተጨማሪ ክፍያ ጋር የሚሸጡበት የፍትሐዊ ንግድ ሥርዓት ነው። የፌርትሬድ ሰርተፊኬት ለማውጣት የሚነሱ ብዙ ማህበራት መንገድ ላይ ይቀራሉ። ቡናቸው ጥሩ ነው፤ ገበሬውም ታታሪ ነው። የሚጥላቸው መዝገብ ነው። የአባላት ዝርዝሩ አይሟላም። ቃለ ጉባኤው ፊርማ የለውም። የአባልና የነጋዴ ቡና አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። ኦዲተሩ ደግሞ የሚጽፈው ያየውን ነው።

መመሪያው በዋናነት ለመሠረታዊ የቡና ገበሬዎች ማህበራትና ለዩኒየኖች ነው። የአበባ እርሻ ወይም የላኪነት ሥራ ላላችሁ፣ ውጭ ሀገር ቡና ቆልታችሁ ለምትሸጡም የሚሆን ክፍል ወደ መጨረሻው አለ።

ደረጃ 1፦ የትኛው በር የእናንተ እንደሆነ እወቁ

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ። መስፈርቱን የሚያወጣው ፌርትሬድ ኢንተርናሽናል ነው። ኦዲት የሚያደርገውና ሰርተፊኬት የሚሰጠው ፍሎሰርት ነው። ሁለቱም ዋና ጽሕፈት ቤታቸው ጀርመን፣ ቦን ከተማ ነው። ናይሮቢ ያለው ፌርትሬድ አፍሪካ ደግሞ አምራቾችን ያማክራል፣ ያሠለጥናል፤ ሰርተፊኬት ግን አይሰጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ "ሰርተፊኬቱን እኔ አወጣላችኋለሁ" ለሚል ደላላ አንድ ብር አትክፈሉ። ሰነድ በማዘጋጀት የሚረዳ አማካሪ መቅጠር ይቻላል። ማመልከቻው ግን በእናንተ ስም ይገባል፤ ክፍያውም በቀጥታ ለፍሎሰርት ይፈጸማል።

ቀጥሎ ዓይነታችሁን ለዩ።

1. መሠረታዊ ማህበር ከሆናችሁና ብቻችሁን ካመለከታችሁ፣ የምትገመገሙት በአነስተኛ አምራቾች ድርጅት መስፈርት ነው።
2. ዩኒየን ከሆናችሁም መስፈርቱ ያው ነው። ነገር ግን አባል ማህበራቱን ራሳችሁ የምትቆጣጠሩበት የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ማሳየት አለባችሁ።
3. የግል ቡና እርሻ ካላችሁና የምትሠሩት በቅጥር ሠራተኛ ከሆነ፣ በዚህ በር አትገቡም። ፌርትሬድ ኢንተርናሽናል ቡናን የሚቀበለው ከአነስተኛ አምራቾች ድርጅት ብቻ ነው። ብዙ ባለሀብቶች ይህን የሚያውቁት ገንዘብ ካወጡ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከአሁኑ ልብ በሉት።

እዚህ ደረጃ ላይ አንድ ቁጥር አረጋግጡ። ከአባላታችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው አነስተኛ አምራቾች መሆን አለባቸው። በቡና ሥራ አነስተኛ አምራች የሚባለው በዋናነት በራሱና በቤተሰቡ ጉልበት የሚያመርት፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጥር ሠራተኛ ይዞ የማይሠራ ገበሬ ነው። ለለቀማ ሰው መቅጠር ችግር የለውም። በተጨማሪም በዓመት በፌርትሬድ ከምትሸጡት ቡና ቢያንስ ግማሹ ከእነዚህ አነስተኛ አምራቾች የመጣ መሆን አለበት።

ደረጃ 2፦ ከማመልከታችሁ በፊት ገዢ ፈልጉ

ይህ ደረጃ በብዛት ይዘለላል፤ እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው እሱን ነው። ሰርተፊኬት ቡና አይሸጥም። የማመልከቻ፣ የኦዲትና ዓመታዊ ክፍያ አለው። በፌርትሬድ ስም የሚገዛችሁ ከሌለ ክፍያው ከማህበሩ ኪስ ይወጣል፤ ቡናው ደግሞ በተለመደው ዋጋ ይሄዳል። ሰርተፊኬት ይዘው ከቡናቸው ጥቂቱን ብቻ በፌርትሬድ የሚሸጡ ማህበራት ጥቂት አይደሉም።

ሂሳቡን በወረቀት ሥሩ። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገዢው ከእሱ በታች የማይከፍለው የአረቢካ ቡና የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ ወደብ ላይ እንዲህ ነው፦

- የታጠበ ቡና በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 1.80 ዶላር
- ያልታጠበ ቡና በፓውንድ 1.75 ዶላር
- ኦርጋኒክ ከሆነ በዚያ ላይ 0.40 ዶላር
- ፕሪሚየም (ከዋጋው በላይ ለማህበሩ የሚሰጥ ገንዘብ) በፓውንድ 0.20 ዶላር፤ ከዚህ ቢያንስ 0.05 ዶላሩ ለምርታማነት ወይም ለጥራት ሥራ ይውላል

የኒውዮርክ ገበያ ከዝቅተኛው ዋጋ በላይ ሲሆን የሚከፈለው የገበያው ዋጋ ነው። በ2025 መጀመሪያ ገበያው በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝቅተኛው ዋጋ ሥራ የለውም፤ ፕሪሚየሙ ግን ይከፈላል። ስለዚህ ስታሰሉ በፕሪሚየሙ ላይ ተመሥርቱ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። በፓውንድ ሲቀየር ወደ 42,330 ይሆናል። ፕሪሚየሙ ወደ 8,466 ዶላር ይመጣል። አሁን የፍሎሰርትን ድረ ገጽ ክፈቱ። የክፍያ ማስያ አለው፤ የአባላት ብዛታችሁን አስገቡና ወጪውን አውጡ። በዓመት ስንት ኮንቴይነር ብትሸጡ ወጪው እንደሚሸፈን ለጠቅላላ ጉባኤው በቁጥር አሳዩ።

ገዢ ካልተገኘስ? ማመልከቻውን አቆዩት። የፌርትሬድ ሰርተፊኬት ያለው ዩኒየን በአካባቢያችሁ ካለ አባል መሆንን አስቡ። ለትንሽ ማህበር ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይሄ ነው።

ደረጃ 3፦ መዝገቡን አስተካክሉ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። በመኸር ወቅት አትጀምሩት፤ ያኔ ሁሉም ሰው ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ነው። ለቀማ ሳይደርስ ጨርሱት።

*የአባላት ዝርዝር*

ለእያንዳንዱ አባል እነዚህን መዝግቡ፦ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ የአባልነት ቁጥር፣ ቀበሌ፣ የቡና መሬት ስፋት በሄክታር፣ የዓመቱ ግምት ምርት፣ ካለፈው ወቅት ያስረከበው መጠን። የሞተ፣ የለቀቀ፣ ለልጁ ያስተላለፈ አባል ካለ አስተካክሉ። ኦዲተሩ ከዝርዝሩ ላይ ስም መርጦ "ወደ እነዚህ ሰዎች ቤት ውሰዱኝ" ይላል። ከአምስት ዓመት በፊት ያረፉ አባት ስም ቢወጣ ዝርዝሩ በሙሉ ይጠረጠራል።

ከዚያ መሬቱንና ርክክቡን አስተያዩ። ከ6 ኪሎ ገደማ እሸት ቡና 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይገኛል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ 3 ኩንታል ንጹሕ ቡና ቢያገኝ፣ ወደ 18 ኩንታል እሸት አስረከበ ማለት ነው። በመዝገባችሁ ላይ ያው ሰው 60 ኩንታል አስረክቦ ከተገኘ የጎረቤቱን ቡና ይዞ መጥቷል፤ ወይም መሬቱ በትክክል አልተለካም። ኦዲተሩ ይህን ስሌት ይሠራል። ቀድማችሁ ሥሩት። ልዩነት ያለባቸውን አባላት ለብቻ ጻፉ፣ ሄዳችሁ ለኩ፣ አርሙ።

መሬቱን ስትለኩ የጂፒኤስ ነጥቡንም አብራችሁ ውሰዱ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። ከ4 ሄክታር በታች ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል። አንድ ጉዞ ለሁለት ሥራ ይሆናል።

*ቃለ ጉባኤ*

ጠቅላላ ጉባኤ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መጠራት አለበት። ቃለ ጉባኤው ቀን፣ አጀንዳ፣ ውሳኔና የድምፅ ውጤት ይያዝ። የተገኙት አባላት ስምና ፊርማ ይያያዝ፤ የማይጽፍ በጣት አሻራ ይፈርም። የዓመቱ ሂሳብና በጀት ለጉባኤው መቅረቡ በግልጽ ይጻፍ።

ቃለ ጉባኤ ጠፍቶ ከሆነ አዲስ ሠርታችሁ የድሮ ቀን አትጻፉበት። ኦዲተሩ አባላትን ለብቻ ያነጋግራል፤ "ባለፈው ጉባኤ ምን ወሰናችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱና ወረቀቱ ካልገጠመ ነገሩ ከጉድለት አልፎ ማጭበርበር ይሆናል። ይልቅ አስቸኳይ ጉባኤ ጥሩና ዘንድሮ በትክክል ያዙት።

*የቡናው ጉዞ*

አንዳንድ ምርቶች ላይ ፌርትሬድ የሆነውና ያልሆነው በፋብሪካ ቢቀላቀል በሂሳብ ብቻ ማቻቻል ይፈቀዳል። ስኳርና ኮኮዋ እንዲህ ናቸው። ቡና ላይ ይህ የለም። የአባላት ቡና በአካል ተለይቶ መጓዝ አለበት። ስለዚህ፦

1. እሸት ሲረከቡ የአባሉን ቁጥር ካርኔው ላይ ጻፉ። አንዱ ቅጂ ለገበሬው ይሰጥ።
2. ከአባል ያልሆነ ሰው የምትገዙ ከሆነ በሌላ ካርኔ፣ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ገንዳ ተረከቡ።
3. የማድረቂያ አልጋው ላይ የሎት (አብሮ የተረከባችሁትና አብሮ የሚዘጋጅ ቡና) ቁጥርና ቀን ያለበት ምልክት አንጠልጥሉ።
4. መጋዘን ውስጥ ለፌርትሬዱ ቡና የራሱ ቦታ ይኑረው፤ መሬቱ ላይ ቀለም ቀቡ፣ ግድግዳው ላይ ጻፉ።
5. የማበጠሪያ ፋብሪካው የሌላ ከሆነ ገቢና ወጪውን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁ።

ቢቀላቀልስ? ያ ሎት በፌርትሬድ አይሸጥም። መዝግቡትና በተለመደው ገበያ ሽጡት። ደብቆ መላክ ከአንድ ሎት ኪሳራ በላይ ያስከፍላል።

ደረጃ 4፦ ማሳው ላይ ያለውን አስተካክሉ

መስፈርቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን አይጠየቁም። በ0፣ በ1፣ በ3 እና በ6 ዓመት ተከፋፍለዋል። በ0 የተመደቡት የመጀመሪያው ኦዲት ሲመጣ መሟላት አለባቸው። መስፈርቱን ከፌርትሬድ ኢንተርናሽናል ድረ ገጽ በነፃ አውርዱ፤ 0 ያለባቸውን ብቻ በቀለም አቅልሙና ከእነሱ ጀምሩ። መቶ ነገር በአንዴ ለማስተካከል መሞከር ነው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው።

ትልቅ ትኩረት የሚሹት እነዚህ ናቸው።

*ፀረ ተባይ።* ፌርትሬድ የአደገኛ ኬሚካሎች ዝርዝር አለው፤ በቀይ፣ በብርቱካናማና በቢጫ የተከፈለ። ቀይ ላይ ያለው ፈጽሞ አይፈቀድም። "እኛ ቡና ላይ መድኃኒት አንረጭም" ብላችሁ አትለፉት። ገበሬው ለበቆሎው የገዛውን ጠርሙስ ቡናው ሥር ጥሎት ሊገኝ ይችላል። ቤት ለቤት ዙሩ፣ ያለውን ጻፉ፣ ባዶ ዕቃ ውኃ መቅጃ እንዳይሆን አስተምሩ።

*ልጆች።* ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ18 በታች ያለ አደገኛ ሥራ አይሠራም። የአባላት ልጆች ግን ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ በወላጅ ክትትል፣ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ሥራ ማገዝ ይችላሉ። ይህን ለአባላት በትክክል አስረዱ። ሰው ደንግጦ "ልጆቼ ቡና ነክተው አያውቁም" ካለ ኦዲተሩ አያምነውም።

*የማጠቢያ ጣቢያ ፍሳሽ።* የእሸት ቡና ገለባና እጣቢ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ እየገባ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢሟላም ትጠየቃላችሁ። የማጠራቀሚያ ጉድጓዱን ቆፍሩ። ገለባውን ኮምፖስት አድርጉት።

ደረጃ 5፦ የፕሪሚየም ዕቅድ አጽድቁ

ፕሪሚየም ለማህበሩ የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ አጠቃቀሙን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሥራ አመራሩ ብቻውን አይወስንም። ከመውጣቱ በፊት ዕቅድ ይጻፍ፦ ምን ይሠራል፣ ለምን፣ በስንት ብር፣ መቼ፣ ማን ይከታተላል። ጉባኤው ያጽድቀው። ገንዘቡ በሂሳብ መዝገብ ላይ ለብቻው መከታተል የሚቻል ይሁን።

ዩኒየኖች ሆይ፣ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው። ፕሪሚየሙ ለመሠረታዊ ማህበራቱ በምን ስሌት እንደሚከፋፈል አስቀድማችሁ ጻፉ። ገንዘቡ ሲገባ ለእያንዳንዱ ማህበር በደብዳቤ አሳውቁ። ገበሬው ስለ ፕሪሚየም ምንም ሳይሰማ ኦዲተሩ ቢጠይቀው፣ ሂሳቡ ንጹሕ ሆኖ እንኳ ጉድለት ይመዘገባል።

ደረጃ 6፦ አመልክቱ

ይህኛው ቀላል ነው። በፍሎሰርት ድረ ገጽ ላይ የማመልከቻ መጠይቁን ሙሉ። የምዝገባ ሰነዳችሁን፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን፣ የአባላት ቁጥርና የምርት መጠን አያይዙ። የማመልከቻ ክፍያውን ክፈሉ። ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ጊዜ ስለሚወስድ ደረሰኝ መጠየቂያው እንደደረሳችሁ ባንክ ሂዱ።

ኢሜይሉን የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ፤ ሲቀየር ለፍሎሰርት አሳውቁ። አድራሻው የለቀቀ ሥራ አስኪያጅ የግል ኢሜይል በመሆኑ ብቻ የኦዲት ቀን ያለፈበት ማህበር አለ።

ደረጃ 7፦ የኦዲቱ ቀናት

ኦዲተሩ መጀመሪያ ስብሰባ ያደርጋል። ከዚያ ሰነድ ያያል፣ ማሳና ማጠቢያ ጣቢያ ይጎበኛል፣ አባላትንና ሠራተኞችን ለብቻ ያነጋግራል። በመጨረሻው ስብሰባ ያገኘውን ይነግራችኋል።

- ሰነዱን በመስፈርቱ ቁጥር ቅደም ተከተል በፋይል አዘጋጁ።
- ሂሳብ ሠራተኛው፣ ሊቀመንበሩ፣ የቁጥጥር ኮሚቴውና የመጋዘን ኃላፊው ይገኙ።
- አባላትን መልስ አታስጠኑ። ማህበሩ ምን እንደሆነ፣ ፌርትሬድ ምን እንደሚጠይቅ፣ ፕሪሚየሙ ምን እንደሆነ ግን ቀድመው ይወቁ።
- የማታውቁትን "አላውቅም፣ አጣርቼ አመጣለሁ" በሉ።
- ቡናና ምሳ ማቅረብ የአገር ወግ ነው። ስጦታና ገንዘብ ግን በፍጹም አትስጡ።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ያልገባችሁ ወይም የማትስማሙበት ነገር ካለ እዚያው ተናገሩ። ማስረጃው በሌላ ፋይል ውስጥ ካለ አምጡት። ከሄደ በኋላ መከራከር ከባድ ነው።

ደረጃ 8፦ ጉድለት ሲገኝ

ጉድለት መገኘቱ መውደቅ አይደለም። ጉድለት ሳይገኝበት የሚያልፍ ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ ጉድለት ምን እንደምታደርጉ ትጽፋላችሁ፤ ፍሎሰርት ይቀበለዋል ወይም ያስተካክላል፤ ከዚያ ማስረጃ ትልካላችሁ።

"ለወደፊቱ እናስተካክላለን" የሚል መልስ አይሠራም። እንዲህ ጻፉ፦ "የአባላት ዝርዝሩን የማህበሩ ጸሐፊ እስከዚህ ቀን ድረስ ያድሳል፤ ሥራ አመራሩ ያጸድቀዋል፤ አዲሱ ዝርዝር ይላካል።" ማስረጃውም ፎቶ፣ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ወይም ደረሰኝ ይሁን። የማስረጃ ማስገቢያው ቀን ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል። እንደማትደርሱ ካወቃችሁ ቀኑ ሳያልፍ ጻፉላቸው።

ከባድ ጉድለት ካልተገኘ ማስረጃው እስኪጠናቀቅ ጊዜያዊ የመነገጃ ፈቃድ ሊሰጣችሁ ይችላል። ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ ግን አንድ ጆንያ እንኳ በፌርትሬድ ስም አትሽጡ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ውል

ውሉ ላይ ፌርትሬድ መሆኑ፣ የሁለታችሁ የፍሎሰርት መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ ዋጋ፣ ለብቻው የተጻፈ ፕሪሚየም፣ የክፍያ ጊዜ ይኑር። ፕሪሚየሙ ከዋጋው ጋር ተደምሮ በአንድ ቁጥር ከመጣ መልሱትና ይለይ። ገዢው ራሱ ሰርተፊኬት እንዳለው በፍሎሰርት የደንበኞች መፈለጊያ ላይ አረጋግጡ።

ገንዘብ ካጠራችሁ የቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ። አምራቹ ከጠየቀ እስከ ውሉ ዋጋ 60 በመቶ ቅድሚያ እንዲያገኝ ገዢው ማመቻቸት አለበት። ብዙ ማህበራት ይህን መብት ስለማያውቁ እሸት መግዣ ብር በውድ ወለድ ይበደራሉ። በጽሑፍ ጠይቁ።

ሌሎች ድርጅቶች

*የአበባ ወይም የሻይ እርሻ።* የእናንተ በር የቅጥር ሠራተኞች መስፈርት ነው። ኦዲቱ የሚያተኩረው በደመወዝ፣ በውል፣ በሠራተኛ ማህበርና በደኅንነት ላይ ነው። ፕሪሚየሙን የሚያስተዳድረው በሠራተኞች የተመረጠ ኮሚቴ ነው፤ ኩባንያው በሥራ ማስኬጃው ውስጥ አይጨምረውም።

*የግል ላኪ።* በነጋዴ መስፈርት ሰርተፊኬት ማውጣትና ሰርተፊኬት ካለው ማህበር መግዛት ትችላላችሁ። ከሌላ የገዛችሁትን ቡና አንድ ላይ አታከማቹ።

*ውጭ ሀገር ቆልታችሁ የምትሸጡ።* አሜሪካ ካላችሁ መጀመሪያ የትኛውን ምልክት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ፌርትሬድ አሜሪካ የዓለም አቀፉ አካል ነው። ፌር ትሬድ ዩኤስኤ ደግሞ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ለብቻው የሚሠራ ሌላ ድርጅት ነው፤ የግል ቡና እርሻዎችንም ይቀበላል። የአንዱ ሰርተፊኬት በሌላው ምልክት ለመሸጥ ይበቃል ብላችሁ አታስቡ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጀርመን ወይም ሌላ የአውሮፓ ሀገር ካላችሁ የዚያን ሀገር የፌርትሬድ ድርጅት የምልክት መጠቀሚያ ውል ጠይቁ። ከፍሎሰርትም ምን እንደሚያስፈልጋችሁ እነሱ ይነግሯችኋል። የከረጢቱን ዲዛይን ከማሳተማችሁ በፊት ላኩና በጽሑፍ አስጸድቁ። ከታተመ በኋላ ምልክቱ በስህተት ተቀምጦ ከተገኘ ከረጢቱ በሙሉ ሊወገድ ይችላል።

ሰርተፊኬቱ ከወጣ በኋላ

አንዱ ዙር 3 ዓመት ነው። በመካከሉ የክትትል ኦዲት ይመጣል፤ ሳይነገርም ሊመጣ ይችላል። በየወሩ መጨረሻ የርክክብ ካርኔውን፣ የመጋዘን መዝገቡንና የሽያጭ ደረሰኙን አስታርቁ። በየዓመቱ ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት የአባላት ዝርዝሩን አድሱ። ዋጋና መስፈርት ስለሚቀየር አዲስ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወቅታዊውን ሰንጠረዥ ከድረ ገጹ አውጡ።

የእገዳ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ያንኑ ቀን ለገዢዎቻችሁ አሳውቁ፤ አዲስ የፌርትሬድ ውል አትፈርሙ። የተጀመሩ ውሎች እንዴት እንደሚያልቁ ለፍሎሰርት በጽሑፍ ጠይቁ። ውሳኔው ትክክል አይደለም ካላችሁ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ፣ ይግባኝ አስገቡ።